ከግድቡ እስከ ምጣዱ

(በደብረ ማርቆስ ከተማ በተካሄደ የውይይት መድረክ ላይ በቃል ካቀረብሁት ንግግር ተስተካክሎ የተጻፈ)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፤

የተሰጠኝ ርእስ ረጅም ነው፤ «ካርቦን የማያበዙ የኃይል ቴክኖሎጂዎችን ለማልማትና ለማዳረስ የሚደረግ ዕቅድ» ይላል። እኔ ግን ከአንድ ትራንስፎርመር ልነሣ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው፤ ዕለቱ ቅዳም ስዑር። እናቴ የምትኖረው ከቢቸና ብዙም በማትርቅ ትንሽ ከተማ ነው፤ ለፋሲካ ከእርሷ ዘንድ ነበርሁ። ሊጡ አብሲት ገብቶለት ኩፍ ብሏል፣ ምጣዱ በጎመን ዘር ታስሷል፣ ዶሮው ተገነጣጥሎ በሎሚ ውሃ ተዘፍዝፏል። ሁለት እንጀራ ወጣ፤ ዓይናቸው የሚያምር። ሦስተኛው ገና እንደ ተጋገረ ከመንገዱ ማዶ «ድው» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ አስከትሎም የተቃጠለ ዘይት ሽታ መጣ። እናቴ አክንባሎውን አነሣች፤ ሊጡን አየችው፤ ቀጥላ እኔን አየችኝ። ጎረቤቱ ሁሉ «የኢንጂነሩ እናት» እያለ የሚጠራት ሴት፣ «በል እንግዲህ፣ ያንን ጉልቻ ከጓሮ አምጣልኝ» አለችኝ። ሦስቱን ድንጋይ እያመላለስሁ አስገባሁ። በኋላ እንደ ሰማሁት በዚያች ጠዋት ድንጋይ የተሸከምሁት እኔ ብቻ አልነበርሁም።

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይባላል። ሰው ይህን ተረት የሚያመጣው ሹም ሲቀያየር ነው፤ ለእኔ ሙያ ግን ቃል በቃል ይሠራል። እናቴ ጉልቻዋን ቀይራለች። ድንጋዩን ትታ ወደ ኤሌክትሪክ ምጣድ ገብታለች። ከምጣዱ በስተጀርባ ያለው ሽቦ፣ ምሰሶና ትራንስፎርመር ግን ጉልቻው መቀየሩን አልሰማም።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል። ይህ ማለት 10 ዋት የሚበሉ 350 አምፖሎችን ባንድ ጊዜ ማብራት ነው። የፈነዳው ትራንስፎርመር 100 ኪሎ ቮልት አምፔር የሚችል ነበር (ለምጣድ ሲሆን 100 ኪሎዋት ያህል ማለት ነው)፤ 28 ምጣድ ባንድ ሰዓት ሲጣድ ሞላ ማለት ነው። ወፍጮ ቤቱን፣ ቴሌቪዥኑንና የጠላ ቤቱን ማቀዝቀዣ አልቆጠርሁም። ትራንስፎርመሩ ሲተከል የተቆጠረው ቤትና አምፖል ነው። ምጣድ የቆጠረ ሰው አልነበረም። ደግሞስ ማን ይቁጠረው? ቆጣሪዎቹ ወንዶች ነበሩ፤ ጓዳ አይገቡም።

ዛሬ የምላችሁ ዋናው ነገር ይኸው ነው። የኃይል ዕቅዳችን ከግድቡ ተነሥቶ ወደ ምጣዱ ይወርዳል፤ ስለዚህም መንገድ ላይ ይደክመዋል። ከምጣዱ ተነሥቶ ወደ ግድቡ መውጣት ነበረበት።

ይህ አዲስ ጥበብ እንዳይመስላችሁ። ጎጃም አንድ ጊዜ አይታዋለች። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ባሕር ዳር ላይ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተቋቋመ። በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የፖሊ ቴክኒክ ተቋሙ ተከፈተ። በ1956 ዓ.ም. ጢስ ዓባይ ቁጥር 1 ኃይል ማመንጨት ጀመረ፤ አቅሙ 11.4 ሜጋዋት ብቻ። ሦስቱን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው፤ ኃይሉን የሚበላው ፋብሪካ፣ ኃይሉን የሚሰጠው ወንዝ፣ ማሽኑን የሚጠግነው ልጅ። ሦስቱም በጥቂት ዓመታት ልዩነት በአንድ ከተማ ዙሪያ ተገናኙ። የዚያን ዘመን አስተዳደር ለማወደስ አልተነሣሁም፤ ከከተማዋ ጥቂት ወጣ ያለው ገበሬ እስከ ዛሬም በኩራዝ የሚያመሽ አለና። እንደ ዕቅድ ግን ትንሽና ሙሉ ነበር።

በዚያው በ1956 ዓ.ም. ሌላ ትልቅ ሥራ ተጠናቀቀ። የአሜሪካ የመሬት ልማት ቢሮ ባለሙያዎች ከኢትዮጵያውያን ጋር ዓመታት የፈጀ የዓባይ ተፋሰስ ጥናት አቀረቡ። ጎጃምን ከሸዋና ከወለጋ የሚለየውን የዓባይን ገደል ተከትሎ እስከ ሱዳን ጠረፍ ድረስ አራት ታላላቅ ግድቦች ተሳሉ፤ ካራዶቢ፣ ማቢል፣ መንደያና የድንበሩ ግድብ። የድንበሩ ግድብ ከተሳለበት አካባቢ ዛሬ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ቆሟል። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ተቀመጠ፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ፤ 13 ተርባይን፣ 5,150 ሜጋዋት። ከጥናቱ እስከ ምርቃቱ 61 ዓመት። ጥናቱ ሲቀርብ የተወለደ ልጅ ጡረታ ወጥቶ ነው ምርቃቱን በቴሌቪዥን ያየው። ካራዶቢ ደግሞ ገና ወረቀት ላይ ነው። ስለዚህ የግድብ ዕቅድ የሚያወጣ ሰው ለልጅ ልጁ እንደሚተክል ሰው ነው፤ የምጣድ ዕቅድ ግን ለመጪው ፋሲካ መድረስ ይችላል።

በጣና በለስ የኃይል ማመንጫ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እኔን በሙያዬና በስሜቴ መካከል ለሁለት የሚከፍለኝ እርሱ ነውና። ጢስ ዓባይ ላይ ውሃው የሚወድቀው 45 ሜትር ገደማ ነው። ከጣና ተጠልፎ 12 ኪሎ ሜትር ያህል በዋሻ አልፎ ወደ በለስ ሲወርድ ግን ከ300 ሜትር በላይ ይወድቃል። ያው አንድ ባልዲ ውሃ በዚህኛው መንገድ ከስድስት እጥፍ በላይ ኃይል ይሰጣል። በግንቦት 2002 ዓ.ም. የተመረቀው ማመንጫ 460 ሜጋዋት የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ማንም መሐንዲስ ወረቀትና እርሳስ ይዞ ቢቀመጥ የሚደርስበት ውሳኔ ነው፤ እኔም ብሆን እፈርምበት ነበር። ነገር ግን በበጋ ጢስ ዓባይ የሄደ ሰው ያየውን ታውቃላችሁ። ያ እንደ ጭስ የሚያርግ ፏፏቴ ጥቁር አለት ላይ የሚንጠባጠብ ክር ሆኖ ይቆያል፤ ፈረንጅ እየመራ ልጆቹን ያስተማረ ሰው ድልድዩ ላይ ተቀምጦ ክረምትን ይጠብቃል። የእርሱ ገቢ በሒሳቡ ውስጥ ዓምድ አልተሰጠውም። ውሃው መጠለፍ የለበትም ነበር እያልሁ አይደለም፤ ዓምዱ መኖር ነበረበት ነው የምለው።

አሁን ወደ ሽቦው። ከባሕር ዳር ወደዚህ ወደ ደብረ ማርቆስ በሚመጣው ባለ 400 ኪሎ ቮልት መስመር ሥር የሚኖሩ አንድ አዛውንት፣ «ብረቱ ማሳዬ ላይ ቆሟል፤ ላሜ ከሥሩ ትግጣለች፤ እኔ እራቴን በኩራዝ እበላለሁ። ከዚያ ሽቦ ትንሽ ቢቆነጠርልኝ ምን ይጎድልባችኋል?» ብለውኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልስም ይገባዋል። በዚያ ሽቦ የሚሄደው 400 ሺህ ቮልት ነው፤ ቤታችን የሚገባው 220። ከዚያ መጠጣት በነሐሴ ዓባይ ሲሞላ ቅል ይዞ ከመሐል መቅዳት ነው፤ ቅሉም ቀጂውም ይሄዳሉ። መጀመሪያ ማከፋፈያ ጣቢያ ተሠርቶ ወደ 33 ወይም 15 ኪሎ ቮልት መውረድ አለበት፤ ከዚያ በየመንደሩ ትራንስፎርመር፣ ከዚያ ምሰሶ፣ ከዚያ ቆጣሪ። ውዱ ጣቢያው ነው፤ ለአንድ መንደር ተብሎ አይተከልም። «አያ፣ ሽቦው እርስዎ ዘንድ አልመጣም፤ በእርስዎ በኩል አልፎ ሄደ» አልኋቸው። አልተጽናኑም።

በ2010 ዓ.ም. ይፋ የሆነውና በ2011 የተከለሰው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም ይህን ችግር በሚገባ አይቶታል። በፈረንጆች 2025 ለሁሉም ለማዳረስ 65 በመቶውን ሕዝብ በዋናው መስመር፣ 35 በመቶውን ደግሞ ከመስመር ውጪ በፀሐይና በመሳሰለው ለመድረስ አቀደ። ጊዜው አልፏል፤ ጨለማው አለ። ይሁን እንጂ አከፋፈሉ ትክክል ነበር እላለሁ። ምሰሶ በአጥሩ ሥር እያለፈ ቆጣሪ ላልገባለት ቤት መፍትሔው የአሥር ሜትር ሽቦና የመግቢያ ክፍያውን በየወሩ እየከፈለ እንዲጨርስ መፍቀድ ነው። በዓባይ በረሃ አፋፍ፣ አህያ እንኳ በሚያዳግተው ቦታ፣ ለተበተኑ ቤቶች ደግሞ መፍትሔው ጣራ ላይ የምትቀመጥ ፀሐይ ናት።

ስለ ፀሐይ ስናወራ አንድ ነገር እንለይ። ብርሃን ሌላ ነው፣ እሳት ሌላ ነው። የፀሐይ ፓኔል ዋጋ በፈረንጆች ከ2010 እስከ 2020 ባለው ጊዜ ወደ 90 በመቶ ወርዷል። ይህ በጣም ትልቅ ነገር ነው፤ የኩራዝ ጭስ ዓይኑን ያቃጥለው የነበረ ተማሪ ዛሬ በትንሽ ፓኔል ያጠናል። ነገር ግን 10 ዋት የሆነችው የመብራት ፓኔል በቀን አምስት ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ብታገኝ 50 ዋት ሰዓት ትሰጣለች። ምጣድ ለሁለት ሰዓት ሲጣድ 7,000 ዋት ሰዓት ይበላል። ለአንድ ጊዜ ጋገራ 140 ቀን ፀሐይ መጠራቀም አለበት ማለት ነው። እንግዲህ «ይህን ያህል አባወራ የፀሐይ ኃይል ተጠቃሚ ሆነ» የሚል ሪፖርት ስትሰሙ፣ እማወራዋ አሁንም ኩበት እየጠፈጠፈች መሆኑን አትርሱ።

የአገራችን ነገር ከፈረንጆቹ የሚለየውም እዚህ ላይ ነው። እነርሱ ካርቦን ለመቀነስ ሲያቅዱ የድንጋይ ከሰል ማመንጫ መዝጋት አለባቸው። የእኛ የኤሌክትሪክ መስመር ከ90 በመቶ በላይ በውሃ የሚሠራ ነው፤ የሚዘጋ ነገር የለንም። ነገር ግን አገሪቱ ከምትጠቀመው ጠቅላላ ኃይል ዘጠኝ አሥረኛው ገደማ እንጨት፣ ከሰል፣ ኩበትና ገለባ ነው። ከቤት ኃይል ደግሞ ከግማሽ በላዩን የሚበላው እንጀራ ነው። በ2004 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃን ከኃይል ማመንጫ ግድቦች እኩል ቅድሚያ ከሚሰጣቸው ሥራዎች መካከል ያስገባው ያለ ምክንያት አይደለም።

«ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል» ይላሉ። እኛ ዓባይን አይተን ምንጩን የናቅን ሰዎች ነን። «ምርጥ» የሚባለውን ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ውሰዱ። ሲሚንቶና አሸዋ ወይም የእሳተ ገሞራ ጠጠር ተቀላቅሎ በቅርጽ ማውጫ የሚሠራ ነው፤ ከሦስቱ ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የእንጀራ ማገዶን በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ከዚህ የበለጠ ርካሽ የካርቦን ቅነሳ አላውቅም። ታዲያ በጮቄ ተራራ ግርጌ በስናን በኩል ስዞር ምድጃው በረት ጥግ ተጥሎ ያየሁበት ቤት ብዙ ነው። መጀመሪያ ሰዎቹን ወቀስሁ። በኋላ አንድ ማታ እዚያው አደርሁና ገባኝ። የጮቄ ብርድ አጥንት ይሰብራል። ጉልቻው ማብሰያ ብቻ አይደለም፤ መብራትም ነው፣ ማሞቂያም ነው፤ ጭሱ የሣር ክዳኑን ከተባይ ይጠብቃል። ምድጃው እሳቱን ሸፍኖ ማገዶ ቆጠበ፤ ሙቀቱንና ብርሃኑንም አብሮ ሸፈነ። እኛ አንድ ሥራ የሚሠራ ዕቃ ይዘን፣ አራት ሥራ የሚሠራውን ልንተካ ሄድን። ቆላው ላይ ያው ምድጃ በደስታ ይሠራበታል።

ከእበት የሚወጣው ጋዝ፣ ባዮጋዝም እንዲሁ። ብሔራዊ ፕሮግራሙ ከ2001 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ አማራን ጨምሮ በአራት ክልሎች ተነሣ፤ በአምስት ዓመት 14,000 የጋዝ ጉድጓድ ለመገንባት ታቅዶ ከ8,000 ጥቂት የዘለለ ተገነባ። በእኛ ቢሮክራሲ ውስጥ ይህ ውድቀት አይባልም። ችግሩ ከተገነባ በኋላ ነው። 6 ሜትር ኩብ የሆነው ጉድጓድ በቀን 40 ኪሎ ገደማ እበት ይፈልጋል፤ ይህ ከአራት ከብት ይገኛል። እበቱ ግን እኩል ውሃ ይፈልጋል፤ 40 ሊትር፣ ሁለት ጀሪካን። ክረምት ላይ ችግር የለም። የካቲት ሲገባ ምንጩ ይርቃል። እናርጅ እናውጋ ወረዳ ውስጥ አንዲት እናት ጋዙ ለምን እንደ ቆመ ስጠይቃቸው ወደ ጉድጓዱ ሳይሆን ወደ ጀርባቸው እያመለከቱ፣ «ልጄ፣ እርሱ ይጠጣል፤ እኔ ነኝ የምሸከም» አሉኝ። የዕቅዱ ሰነድ ውስጥ የከብቱ ቁጥር ነበር፤ የምንጩ ርቀት ግን አልነበረም። ደግሞም እሳቱ ወጥና ቡና እንጂ እንጀራ አይችልም፤ ስለዚህ ጉልቻው ከቤቱ አልወጣም። ውሃ ቅርብ በሆነበት፣ ቧንቧው ሲሰነጠቅ የሚጠግን ግንበኛ በወረዳው ከተማ ባለበት ግን ባዮጋዝ ያለው ሰው ለማንም አይሰጠውም፤ ዝቃጩ ብቻ ለጤፍ ማሳው ከማዳበሪያ ከረጢት የማይተናነስ ነው።

ማንም ሳያቅደው የተሳካ ነገር ማየት የሚፈልግ ወደ አዊ ይሂድ። በፋግታ ለኮማና በአካባቢው መሬቱ አሲዳማ ሆኖ እህል አልሰጥ ሲል ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን ግራር ተከለ። የመጀመሪያው ዓመት ጤፍ መሐሉ ይዘራል፤ ቀጥሎ ሣር ይታጨዳል፤ በአራት በአምስት ዓመቱ ይቆረጥና ከሰል ሆኖ አዲስ አበባ ይገባል፤ ከዚያ እንደ ገና ጤፍ። ሲያድግ የወሰደውን ካርቦን ሲቃጠል ይመልሳል፤ የተፈጥሮ ደን ሳይነካ። ይህን ማንም ኤክስፐርት አላስተማረውም ማለት ይቻላል። ነገር ግን ሁለት ቀዳዳ አለው። አንደኛው፣ በአፈር ተዳፍኖ የሚከሰለው እንጨት አብዛኛው ከንቱ ይሄዳል፤ አንድ ኪሎ ከሰል ለማውጣት ከአምስት እስከ ስምንት ኪሎ እንጨት ይቃጠላል። የተሻለ ማክሰያ ይህን በግማሽ ሊያወርደው ይችላል። የምርምር ገንዘብ ቢሰጠኝ መጀመሪያ የማውለው እዚህ ላይ ነው። ሁለተኛው፣ አገር ሙሉ አንድ ዛፍ ብቻ ስለ ተተከለ፣ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ እንደ ስንዴ ዋግ ያለ ፈንገስ ገብቶ ጫካውን ቅጠሉን አረገፈው። ከሰል ነጋዴው ሲያዝን ታዩታላችሁ፤ ከሁሉ በላይ ግን ያዘነው መሬቱን ለዛፍ ሰጥቶ ጤፍ በገበያ የሚገዛው ገበሬ ነው።

ጥፋቴን ሳልናገር ብወርድ ግን ይቆጨኛል። አንድ ጊዜ የፀሐይ መብራት የሚያከፋፍል ፕሮጀክት ላይ ሠርቻለሁ። የሪፖርት ቅጹን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። «የታቀደ»፣ «የተከፋፈለ»፣ «በመቶኛ» የሚሉ ዓምዶች ነበሩት። «የሚሠራ» የሚል ዓምድ አልነበረውም። ከሁለት ዓመት በኋላ በአንድ ቀበሌ ስዞር መብራቶቹ በየግድግዳው ተሰቅለው አቧራ ለብሰዋል፤ ባትሪያቸው ሞቷል፤ የሚተካ ባትሪ ደግሞ ከባሕር ዳር ወዲህ አይገኝም። በእኔ ሪፖርት ያ ቀበሌ እስከ ዛሬ መቶ በመቶ ነው።

ቀሪውን ቶሎ ቶሎ ልበል። የመስኖ ፓምፕን በፀሐይ ማንቀሳቀስ ከሁሉ የሚቀለው ነው፤ ውሃ የሚያስፈልገው በበጋ፣ ፀሐይም ያለችው በበጋ፣ ባትሪም አያሻውም፤ ውሃውን ቀን ጎትቶ ጉድጓድ ውስጥ ማስቀመጥ ይበቃል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና ወደ እኛም ከተሞች መጥቷል፤ እነዚህ ሌሊት፣ ምጣዱ በቀዘቀዘበት ሰዓት ኃይል እንዲሞሉ ታሪፉ ካልገፋፋቸው ከምጣዱ ጋር ይጋጫሉ። ምጣዱ ራሱስ? የኤሌክትሪክ ምጣድ የሸክላ ሰሌዳና ከሥሩ የተቀበረ ሽቦ ነው፤ ሸክላው ወፍራም፣ ከሥር ሙቀቱን የሚይዘው ሽፋን ደካማ፣ ሙቀት መቆጣጠሪያ የሌለው። ሸክላውን ማሳሳት፣ ታቹን በደንብ መሸፈን፣ ሙቀቱን ሲደርስ የሚያቆም መሣሪያ መግጠም የጨረቃ ጉዞ አይደለም። ከ3.5 ኪሎዋት አንዱን ብንቀንስ በየመንደሩ ያለው ትራንስፎርመር ሳይቀየር የሚሸከመው ምጣድ ከ28 ወደ 40 ይወጣል።

ወደ እናቴ ሰፈር ልመለስና ልጨርስ። የፈነዳው ትራንስፎርመር በሦስተኛው ሳምንት ተተካ፤ በዚያው መጠን፣ 100 ኪሎ ቮልት አምፔር። ሴቶቹ ይህን ሲሰሙ በእድራቸው ተሰበሰቡ። ጸሐፊዋ በልጇ ደብተር ጀርባ ላይ ቤት ለቤት እየዞረች ምጣድ ቆጠረች፤ 61 ሆነ። በእኔ ሒሳብ 213 ኪሎዋት፤ ከትራንስፎርመሩ እጥፍ በላይ። ከዚያ ለበዓላት ተራ አወጡ፤ ከፊሉ ጸሎተ ሐሙስ፣ ከፊሉ ቅዳሜ ማለዳ፣ ከፊሉ ቀትር። የደብተሩን ቅጂ ሁለተኛ ትራንስፎርመር ይፈቀድልን ከሚል ማመልከቻ ጋር አያይዤ አስገብቻለሁ፤ ፋይሉ ውስጥ አለ። በቀጣዩ ፋሲካ መብራት አልጠፋም። እናቴ የደረሳት ሐሙስ ሌሊት አሥር ሰዓት ነበር፤ እሑድ ገበታ ላይ እንጀራዋ ደረቅ ብሎባት ሲያያት ለነበረው እንግዳ ሁሉ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ስታስረዳ ዋለች።